«ይሄም ባይሳካልኝስ?»፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊት የሚመጣው ፍርሃት

ክብደት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ውሸት ያዘጋጃሉ። ከሥራ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ዘመድ ሲደውል፣ ጎረቤት «ምን ሆነህ ነው?» ሲል የምትመለስ ውሸት ናት። «የሐሞት ጠጠር ነው፤ ቀላል ኦፕራሲዮን።» ብልህ ውሸት ናት። ሁለቱም የሚሠሩት ሆድ ላይ በሚበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ጠባሳቸውም ይመሳሰላል። በሐሞት ጠጠር ደግሞ የሚያፍር የለም። ከዓመት በኋላ መጥቶ «እንዴ፣ ተመልሶ መጣ?» እያለ ሆድ ሆድዎን የሚያይ ሰው አይኖርም።

ውሸቷ የምትደብቀው ኦፕራሲዮኑን ብቻ አይደለም። ገና ያልመጣውን ውድቀትም ትደብቃለች። ማንም ካላወቀ፣ ባይሳካም ማንም አያይም።

ሐኪም ፊት የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። «እሞታለሁ ወይ?» ይባላል። ይህን ለመጠየቅ ማንም አያፍርም፤ መልስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ4,700 በላይ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከ1,000 ሰው 3 ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያው ይበልጥ ተሻሽሏል። ሐኪሙ ይህን ያስረዳል፣ ታካሚው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ቀጠሮ ይያዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከአፍ አይወጣም። የሚመጣው ሌሊት ነው። «ይሄም ባይሳካልኝስ?»

«ይሄም» ላይ ያለችውን «ም» ልብ በሉልኝ። የዓመታት ታሪክ ያዘለችው እሷ ናት። ከሠርግ በፊት የወረደ 15 ኪሎ አለ፤ ከሠርጉ በኋላ 20 ሆኖ ተመልሷል። የዓመት ተከፍሎ ሁለት ወር ብቻ የተሄደበት ጂም አለ። «በዚህኛው ግን ቁርጤን ነው» ተብሎ የተጀመረ፣ በሦስተኛው ሳምንት የተተወ ዳይት አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ይህ ሰው የሚፈራው ቢላዋውን አይደለም። ራሱን ነው። «ጨጓራዬን ቢያሳንሱት እኔ ያው እኔ ነኝ» ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ፍርሃት ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ደግሞ የተሳሳተ ማስረጃ ላይ ቆሟል። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ወይ ከኦፕራሲዮኑ ይሸሻል፣ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል።

ያለፉት ዳይቶች ምን ያስረዳሉ?

ከተሳሳተው ግማሽ እንጀምር። ሰውየው ያለፉትን ሙከራዎች እንደ ምስክር ይደረድራቸዋል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቴም ወደቅሁ፤ ስለዚህ ቆራጥነት የለኝም ይላል። ምስክሮቹ እውነት ይናገራሉ። የተሳሳተው ፍርዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ ባለው አመጋገብ ላይ ተደረጉ። በአማካይ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ከዳይቱ በፊት ለክተው ነበር። ከዳይቱ በኋላም ለኩ፤ ዓመት ቆይተው ደግሞ ለኩ። ዓመት አልፎም የረሃብ ሆርሞኑ ከድሮው ከፍ እንዳለ፣ ከጥጋብ ሆርሞኖቹ ብዙዎቹ ዝቅ እንዳሉ ነበሩ። ሰዎቹም ዳይት ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ይርባቸው ነበር። ዳይቱ ካለቀ ዓመት ሆኖታል እኮ። ሰውነት ግን አልረሳም።

ሌላም አለ። በአሜሪካ ማን የበለጠ ክብደት ይቀንሳል የሚል የቴሌቪዥን ውድድር ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ 14ቱን ተመራማሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ አግኝተው መረመሯቸው። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ከዚያ ውስጥ 41 ኪሎው ተመልሷል። የሚገርመው ግን እሱ አይደለም። ሰውነታቸው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያቃጥለው ጉልበት፣ በዚያ ክብደት ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላም ሰውነታቸው የቁጠባ ሥርዓት ውስጥ ነበር ማለት ነው።

አእምሮ የስብ ክምችት ሲቀንስ «ሰውየው አማረበት» አይልም። ረሃብ ገባ ብሎ ነው የሚደነግጠው። የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ ወጪን ይቀንሳል፣ ሐሳብን ሁሉ ወደ ምግብ ይመራል። ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ «ወኔ የለውም» አንለውም። በረሃብ ሲሆን ግን እንላለን። ራሳችንንም ጨምሮ።

ኦፕራሲዮኑ ምኑን ነው የሚነካው?

ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የሚያስበው በግድ እንደሚያዝ ዳይት ነው። ጨጓራ ይጠባል፣ ብዙ መብላት አይቻልም፣ አበቃ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ «እኔ ያው እኔ ነኝ» ያለው ሰው ልክ በሆነ። የረሃቡ ትእዛዝ ሳይነካ በሩ ብቻ ቢጠብ፣ ጊዜውን ጠብቆ መሸነፉ አይቀርም ነበር።

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣዋል። የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። ተቆርጦ የወጣው ክፍል ግረሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረትበት ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይሠራና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። ይህን መንገድ የጀመረው ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966። ምግቡ ቶሎ አንጀት ስለሚደርስ አንጀቱ ጂኤልፒ-1ን የመሰሉ የጥጋብ ሆርሞኖችን ከወትሮው እጅግ አብዝቶ ይለቃል። ሰሞኑን ስማቸው የገነነው የክብደት መቀነሻ መርፌዎች የሚኮርጁት ይህንኑ ሆርሞን ነው።

ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ካለባቸው የባይፓስ ታካሚዎች መካከል ብዙዎቹ ስኳራቸው የሚወርደው በቀናት ውስጥ ነው። ገና ክብደታቸው ይህ ነው የሚባል ሳይቀንስ። የተነካው ጨጓራ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ይጠቁማል።

ስለዚህ ያለፉት አምስት ሙከራዎች ስለ ስድስተኛው የሚመሰክሩት ጥቂት ነው። ውጊያው አንድ ዓይነት አይደለም። «ቀላሉን መንገድ መረጠች» የሚሉ ሰዎችም፣ በነገራችን ላይ፣ ቀላሉ መንገድ ከአጠቃላይ ሰመመን ነቅቶ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ መጠጣትን እንደሚጨምር የሚያውቁ አይመስለኝም።

ውድቀት ስንት ኪሎ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ውድቀትን ይፈራል። «ውድቀት ምንድን ነው? በቁጥር ንገረኝ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ወይም ያለው መልስ ከሕክምናው መልስ ጋር አይገናኝም።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱ 130 ኪሎ የሆነ ሰው እንውሰድ። ክብደቱ በቁመቱ ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር፣ ቢኤምአይ የሚባለው፣ 48 ገደማ ነው። ይህ ሰው በልቡ የያዘው ኪሎ 65 ነው እንበል። በ20 ዓመቱ የነበረው። ወይም ሠንጠረዡ ላይ «ትክክለኛ ክብደት» ተብሎ የተጻፈው።

በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና አደረጉ፣ ግማሾቹ አላደረጉም። ባይፓስ ያደረጉት በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ውስጥ ዝቅ ያለው ነጥብ ላይ ደረሱ፤ በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 32 በመቶ ቀንሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። በ10ኛው ዓመት ቅናሹ 25 በመቶ ላይ ነበር። ቀዶ ሕክምና ያላደረጉት በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከነበሩበት ከ2 በመቶ በላይ አልተንቀሳቀሱም።

ይህን ወደ ሰውየው እናምጣው። 130 ኪሎ ይነሳል፤ በሁለተኛው ዓመት 88 ገደማ ይደርሳል። በ10ኛው ዓመት ሚዛን ላይ ሲቆም 97 ተኩል ይላል። ሰውየው ምን ያያል? ከ88 ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ጨምሯል። ካለመው 65 ከ30 ኪሎ በላይ ይርቃል። ቢኤምአዩ አሁንም 36 ገደማ ነው፤ ሠንጠረዡ አሁንም «ከልክ ያለፈ ውፍረት» ይለዋል። «አላልኳችሁም? ይሄም አልተሳካም» ይላል።

ሐኪሙ ምን ያያል? ከ32 ኪሎ በላይ ወርዶ 10 ዓመት ሳይመለስ የቆየ ሰው ያያል። በዚያው ጥናት ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል የመሞት ዕድሉ ካላደረጉት በ24 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ሐኪሙ ስኬት ብሎ የጻፈውን፣ ሰውየው ውድቀት ብሎ ሊያለቅስበት ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ቁጥር ነው።

ለዚህ ነው የመጨረሻው ግብ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መነገር አለበት የምለው። ከክብደት 5 ወይም 10 በመቶ ብቻ መውረድ እንኳ የደም ግፊትንና ስኳርን እንደሚያሻሽል ይታወቃል። ሙያተኞቹ ብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ውጤት የሚቆጥሩት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ለኛ ሰውዬ 26 ኪሎ መሆኑ ነው። 104 ላይ ቢቆም ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ዛሬ ሲሰማ ልቡ የሚሰበር ከሆነ፣ የሚሰበረው ዛሬ ቢሆን ይሻላል።

ከኪሎ ውጪ ያለውም ቢጻፍ ጥሩ ነው። የጫማ ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር። ሌሊት ትንፋሽ እየተቆራረጠ አለመንቃት። የአውሮፕላን ቀበቶ ማራዘሚያ አለመጠየቅ። ደረጃ ላይ ከልጅ እኩል መውጣት። ከዓመታት በኋላ ሚዛኑ ትንሽ ሽቅብ ሲል፣ ይህ ወረቀት ከሚዛኑ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

ፍርሃቱ ልክ የሆነበት ቦታ

አሁን ደግሞ ሌላውን ግማሽ። ጥቂት ክብደት መመለሱ የብዙዎች ታሪክ ነው። በአሜሪካ 7 ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው የባይፓስ ታካሚዎች በ7ኛው ዓመት በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 28 በመቶ ገደማ ቀንሰው ነበር። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ዓመት የመለሱት ከመነሻ ክብደታቸው 4 በመቶ ያህል ነው። ግን አማካይ አማካይ ነው። ከዚያ እጅግ የበለጠ የመለሱ ሰዎች አሉ። አስቀድሞ «እገሌ ከነሱ ይሆናል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪምም የለም።

ትንሿ ጨጓራ ሥጋና አትክልትን ታስቆማለች። የቀለጠ አይስክሬም፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጠም ብስኩት ግን ያለ ችግር ያልፋል። ለኀዘን፣ ለብስጭት፣ ለብቸኝነት የሚበላ ሰው፣ ኀዘኑ ከጨጓራው ጋር ተቆርጦ አይወጣለትም። አንዳንዱ ምግቡን በመጠጥ ይተካዋል። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ቶሎና በኃይል ደም ውስጥ ይገባል፤ በሁለተኛው ዓመት ላይ የመጠጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከፍ እንደሚል ታይቷል። ስሊቭ ያደረገ ሰው ቃር ሊብስበት ይችላል። ቫይታሚንና ማዕድን፣ በተለይ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

እነዚህን የሚፈራ ሰው በከንቱ አልፈራም። ይህ ፍርሃት ሥራ ሊሠራበት የሚችል ነው፤ ለሐኪሙ፣ ለሥነ ምግብ ባለሙያው፣ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ሊነገር ይችላል።

ችግሩ አለመነገሩ ነው። የሥነ ልቦና ምርመራውን ሰው እንደ መግቢያ ፈተና ያየዋል። «ሌሊት እየተነሳህ ትበላለህ?» ሲባል «ኧረ በጭራሽ» ይላል። እውነቱን ቢናገር የሚባረር ይመስለዋል። ባለሙያው የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመከልከል አይደለም፤ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው። አንዳንዴ ቀኑ ይገፋል፣ እውነት ነው። ሁለት ወር መግፋት ግን የተደበቀን ነገር ይዞ ጠረጴዛው ላይ ከመውጣት ይሻላል። የተደበቀው ከኦፕራሲዮኑ በኋላም አለ። ያኔ ደግሞ ለመናገር ይበልጥ ያሳፍራል።

ፍርሃት ሌላም ነገር ያደርጋል። ቀኑ ሲቃረብ «ከዚህ በኋላ አልበላውም» እየተባለ ሁሉ ነገር ይበላል። የመሰነባበቻ ግብዣ በሉት። ብዙ ሐኪሞች ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቀለል ያለ አመጋገብ ያዛሉ፤ ጉበት እንዲያንስ ነው። ጉበት ጨጓራው ላይ ተኝቷል። ካበጠ ሐኪሙ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች በኩል መሥራት ይቸግረዋል። በነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን ያጠፋ ሰው «ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ወደቅሁ» ብሎ ቀጠሮውን ሊሰርዝ ይችላል። አንድ ስልክ ደውሎ «እንዲህ አድርጌአለሁ፣ ምን ላድርግ?» ማለት ይበቃ ነበር።

ሐኪምን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይወለዳል። «ይሳካልኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም፤ መልሱ ማጽናኛ ነው የሚሆነው። ይልቅ እርስዎ ከሠሯቸው ታካሚዎች ስንቶቹ ከአምስት ዓመት በኋላም ክትትል ላይ ናቸው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ክብደት መመለስ ከጀመረ በስንት ኪሎ ጊዜ ልደውል? የምደውለውስ ለማን ነው? ያኔ ምን አማራጭ አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ ከድሮው የተሻለ መልስ አለ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ክብደት ሲመለስ እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉ መርፌዎች ይታዘዛሉ። አንዳንዴም ኦፕራሲዮኑ እንደገና ይስተካከላል። በአንድ መድኃኒት ደም ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ሁለተኛ ሲጨመርለት ማንም «ወደቀ» አላለውም።

እነዚህን ሁሉ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ «አሁን አልፈልግም» የሚል ሰውም ይኖራል። እሱም ወስኗል። ሸሸ አይባልም።

ሦስተኛው ሳምንት

አስቀድሞ ቢነገር ብዙ እንባ የሚያድን አንድ ነገር አለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሚዛኑ ቀጥ ይላል። በቀን አንድ ማንኪያ ሾርባ እየቀመሱ ሚዛኑ አይንቀሳቀስም! ያ ሌሊት የሚመጣው ጥያቄ አሁን በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። «አየህ፣ በኔ ላይ አይሠራም።» ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት የወረደው ብዙው ውኃ ነበር፤ ሰውነት ያከማቸውን ስኳር ሲጨርስ አብሮት የተያዘው ውኃም ይወጣል። በኋላ ሰውነት ከውኃው የተወሰነውን መልሶ ይይዛል። ስቡ እየቀነሰ ነው፤ ሚዛኑ ግን አያሳየውም። ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ይቆይና እንደገና ይወርዳል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ደግሞ ፀጉር ይረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ገላውን ታጥቦ ሲወጣ መዳፉ ላይ ያለውን ፀጉር አይቶ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ የሐሞት ጠጠሯ ውሸት ዋጋ የምታስከፍለው። ለማን ይነገራል? ማንም አያውቅም። ለሁሉም መንገር ግዴታ ነው እያልኩ አይደለም፤ አፉ የማያርፍ ዘመድ ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ግን ያስፈልጋል። «ሚዛኑ ቆመ» ሲባል «ሦስተኛው ሳምንት ነዋ፣ ነግረኸኝ አልነበር?» የሚል።

ውሸቷ ሌላም ጣጣ አላት። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ይፈጠራል። ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መከላከያ መድኃኒት የሚያዙት ለዚህ ነው። መድኃኒቱን የዘነጋ ሰው በዓመቱ የምር የሐሞት ጠጠር ይዞት ሊተኛ ይችላል። መሥሪያ ቤት ደውሎ ያኔ ምን እንደሚል እንጃ።